ገና ሀገር አልሰጠንም

እሁድ ማታ፣ ከዚራ፣ ድሬዳዋ

ዛሬም ምዕራፍ የለም፤ ዋን ፒስ የሚባለውን የጃፓን የባህር ወንበዴዎች ሥዕላዊ ታሪክ (ማንጋ) የሚጽፈውና የሚስለው ኤይቺሮ ኦዳ እረፍት ላይ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን እሁድ ከምሽቱ 12 ሰዓት፣ ጃፓን እኩለ ሌሊት ሲሆን፣ አዲሱ ምዕራፍ ማንጋ ፕላስ በሚባለው መተግበሪያ ላይ ይለቀቃል። እኔና የአክስቴ ልጅ ሙቀቱ በረድ ሲል ኒሙ ስር ወንበር አውጥተን በአንድ ስልክ እናነባለን። እሱ ከእኔ ይፈጥናል፤ ግን ገጹን ከመቀየሩ በፊት ይጠብቀኛል።

ምዕራፍ በሌለበት እሁድ ደብተሩ ይወጣል። ባለ 50 ቅጠል ነው፣ ሻይ ፈሶበት ጠርዙ ተጠቅልሏል። ግምታችንን የምንጽፍበት ነው። ሕጉ አንድ ነው፦ ግምት ከነምዕራፉ ቁጥር ይጻፋል። «እንዲህ ቢሆን ደስ ይለኛል» አይጻፍም። የትኛው ሥዕል ላይ አየህ? ማን ሲናገር ሰማህ?

ዛሬ ወደ ኋላ ሳገላብጥ የዋናው ባለታሪክ የሉፊ ፍሬ ላይ ደረስኩ፤ ኃይል የሰጠው እሱ ነው። ታሪኩ በ1997 እ.ኤ.አ. ሲጀምር ልጁ የበላው የላስቲክ ፍሬ ነው ተባለ፣ አንባቢ ሁሉ አመነ። በ2022 ምዕራፍ 1044 ላይ ፍሬው ሌላ ስም እንዳለው ታወቀ፤ የፀሐይ አምላክ የሚባለው የኒካ ነው፣ ስሙንም የደበቀው የዓለም መንግሥት ነው። እኔን የሚቆጨኝ ይሄን አለመገመታችን አይደለም። የኒካ ስም አስቀድሞ ምዕራፍ 1018 ላይ ተጠርቶ ነበር፤ እኛ ከዚያ ምዕራፍ ደብተሩ ላይ ያሰፈርነው ድብድቡን ብቻ ነው። ደቻቱ ወንዝ ዳር ያደገ ሰው ይሄ እንዴት ያመልጠዋል? እዚህ ሰማዩ ጠርቶ፣ አሸዋው ደርቆ፣ ጎርፉ የሚመጣው ደጋ ላይ ከዘነበው ነው።

አክስቴ እንግሊዝኛ አታነብም። ታሪኩን የምታውቀው ምስር እየለቀመች ልጇ ሲተርክላት ሰምታ ነው፤ ከእኛ ይልቅ የሰውን ስም ታስታውሳለች። ስንከራከር ስታየን «አቦ ሀገር ስጡትና ይንገራችሁ!» ትለናለች። እንቆቅልሽ ያቃተው ሀገር ሰጥቶ መልሱን ይቀበላል። እኛ ግን ለኦዳ እስካሁን አንድ ሀገር አልሰጠነውም። ለዚህ ነው ባለፈው አንድ የሰፈር ልጅ ቀድሞ ሾልኮ የወጣውን ምዕራፍ አንብቦ የመጨረሻውን ገጽ ሲነግረኝ ሁለት ቀን ያኮረፍኩት። ሀገር ሳልሰጠው መልሱን አፌ ውስጥ ከተተው። ሰው በራሱ ሊደርስበት የሚለፋበትን ነገር መቀማት ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም።

ዛሬ የተከራከርነው በታሪኩ ሁሉም ስለሚፈልገው፣ ዋን ፒስ ስለሚባለው ሀብት ነበር። ምዕራፍ 967 ላይ የባህር ወንበዴዎች ንጉሥ የሚባለው ሮጀርና መርከበኞቹ የመጨረሻው ደሴት ደርሰው፣ ከብዙ ዘመን በፊት የኖረው ጆይ ቦይ የተወውን ሀብት አይተው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ደሴቱንም ላፍ ቴል፣ የሳቅ ተረት፣ አሉት። ያዩት ነገር ለእኛ አልታየንም። የአክስቴ ልጅ «የጠፋው መቶ ዓመት ታሪክ ነው» ይላል፤ ከ900 እስከ 800 ዓመት በፊት ያለውና መንግሥት ከመጽሐፍ ያጠፋው ዘመን። እኔ ታሪክ ብቻውን ያን ያህል አያስቅም አልኩ። ድምፃችን ከፍ አለ።

አክስቴ ሰፌዱን ጉልበቷ ላይ አሳርፋ፣ «የሳቀው ካፒቴኑ ብቻ ነው ወይስ ሁሉም?» አለች።

«ሁሉም ናቸው እማ።»

«እንግዲያው ወርቅ አይደለም። ወርቅ ቢሆን አንዱ ዝም ብሎ ሌላውን ያይ ነበር።»

ወደ ምስሯ ተመለሰች። እኛ ስንት ዓመት የመርከቡን ካርታ፣ የድንጋዩን ጽሑፍ፣ የስማቸውን ፊደል ስንፈታ የሳቁትን ሰዎች ፊት አንድ በአንድ አይተን አናውቅም። የአክስቴ ልጅ ምንም ሳይል ደብተሩን ከእጄ ወስዶ፣ ቀኑን ጽፎ፣ ከሥሩ እንዲህ አለ፦

ምዕራፍ 967። ወርቅ አይደለም። ማስረጃ፦ ሁሉም ስቀዋል። ገማች፦ እማ።