«ስሜትሽን ተዪውና ካቱን እዪ»

እኛ ኤዲቲንግ ክፍል አዲስ ልጅ ሲመጣ የሚታይ ፊልም መስጠት የቆየ ልማድ ነው። ሰጪው ጋሼ ናቸው። ስማቸውን አልጠራም። በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም ዘመን በመቀስና በማጣበቂያ ሲቆርጡ የኖሩ ሰው ናቸው። እኛ ኪቦርድ ላይ የምንሠራውን እሳቸው በጣታቸው ያውቁታል። ስለ ካት፣ አንዱን ምስል ቆርጦ ከሌላው ስለማያያዝ፣ የማውቀውን ግማሹን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከሳቸው ጋር የተጋጨሁበትን ጉዳይ ላወራ ስለሆነ ነው።

ባለፈው ዓመት አንዲት ልጅ በረዳት ኤዲተርነት ገባች። ከኮሌጅ ገና መውጣቷ ነው። እጇ ፈጣን ነው፤ ጆሮዋ ደግሞ ከእጇ ይበልጣል። የዘፈን ክሊፕ ስትሠራ ምቱን የምትይዝበት አያያዝ ያስቀናል። ድምፅ አልባ ፊልም ግን አንድም ጨርሳ አይታ አታውቅም። ቻርሊ ቻፕሊንን የምታውቀው ከቲክቶክ ላይ ነው። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ሃርድ ዲስካቸውን አወጡና አንድ ፊልም ገለበጡላት። ከስሩ የሌሎች ፊልሞች ዝርዝርም ነበረው። «መጀመሪያ ይሄን እዪ። መሠረቱ እዚህ ጋ ነው» አሏት።

ፊልሙ የአሜሪካዊው ዳይሬክተር የግሪፊዝ «ዘ በርዝ ኦፍ ኤ ኔሽን» ነው። የ1915 ፊልም (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ ነው)። ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ነፃ የወጡትን ጥቁሮች እንደ አውሬ ያሳያል። ዋና ዋናዎቹን ጥቁር ገጸ ባሕርያት የሚጫወቱት ፊታቸውን ጥቁር የተቀቡ ነጮች ናቸው። መጨረሻ ላይ ነጭ የለበሱ የኩ ክለክስ ክላን (ጥቁሮችን የሚያሸብር የነጮች ድርጅት) ፈረሰኞች እየጋለቡ ደርሰው ነጮቹን ያድናሉ። በዚያው ዓመት፣ ጠፍቶ የነበረው ክላን ጆርጂያ ውስጥ እንደገና ተቋቋመ። ፊልሙም ለአባል መመልመያ አገለገለው።

ሰኞ ጠዋት ጋሼ ቡናቸውን ይዘው ገቡ።

«ጨረስሽው?»

«ጨርሻለሁ ጋሼ።»

«እሺ፣ እንዴት አገኘሽው?»

«ጋሼ፣ እርስዎ ሲያዩት ምንም አልተሰማዎትም?»

ማዳመጫዬን አወለቅኩ። ጋሼ አልተቆጡም። እንዲያውም እንደ አባት ነው የመለሱላት። «ስሜትሽን ተዪውና ካቱን እዪ» አሏት። «መጨረሻ ላይ ያለውን ግልቢያ አስተውለሻል? ጎጆ ውስጥ የተከበቡት፣ ፈረሰኞቹ፣ ከተማው፣ ደግሞ ፈረሰኞቹ። ዛሬ የምታዪው አክሽን ሁሉ ከዚያ የተቀዳ ነው።»

«አስተውያለሁ» አለች። «የባሰ የተናደድኩትም እሱ ላይ ነው። ቶሎ በደረሱ እያልኩ ልቤ ሲመታ ያዝኩት። ለነሱ! እኔ!»

«ችሎታ ማለት እሱ ነው» አሉና ቡናቸውን ይዘው ወጡ።

ይህቺን ንግግር እስካሁን አልረሳኋትም። የኮሌጅ መምህር በአንድ ሴሚስተር የማይነግረንን ልጅቷ በአንድ ትንፋሽ ተናገረችው። ጋሼ ግን አልሰሟትም። ክሮስ ካቲንግ፣ ሁለት ቦታ የሚሆነውን እያፈራረቁ ማሳየት፣ ዝም ብሎ የሚያምር ዘዴ አይደለም። የተከበበውን ሰው ታሳያለህ፣ ከዚያ የሚመጣውን፣ ከዚያ የተከበበውን። እያንዳንዱ ቁራጭ ምስል (ሾት) እያጠረ ሲሄድ የተመልካቹ ልብ ከሚመጣው ጋር ይጋልባል። ማን ይምጣ ብለህ እንደምትመኝ የሚወስንልህ ኤዲተሩ ነው። ያ ፊልም ላይ የሚመጣው ክላን ነው። ስለዚህ ስሜቱን ትቶ ካቱን ማየት የሚባል ነገር የለም። ካቱ የተቆረጠው ያንን ስሜት ሊፈጥር ነው። ስሜቷን የተወች ልጅ ካቱን አላየችውም ማለት ነው።

ይህንኑ ሄጄ ለጋሼ ነገርኳቸው። «ልጅቷን አታሞላቅቂያት፤ ሙያ በእንክብካቤ አይለመድም» አሉኝ። እኔ ፊልሙ አይታይ አላልኩም። በዚህ ሥራ የሚቆይ ሰው አንድ ቀን ሊያየው ይገባል፣ ታሪኩን ጎን ለጎን ይዞ። የኔ ጥል «መጀመሪያ» ከሚለው ጋር ነው። ለጀማሪ የሚሰጥ ፊልም ቀጣዩን የሚያስናፍቅ መሆን አለበት። የሚሰድባትን ሦስት ሰዓት ተቀምጣ እንድታይ ማድረግ ማስተማር አይደለም።

ልጅቷ ከዚያ በፊት ራሷ ከቴሌግራም አንድ የቻፕሊን ፊልም አውርዳ ሞክራ ነበር። «ሰዎቹ ለምን እንደሚሮጡ አልገባኝም፣ ድምፅም የለውም፣ ተውኩት» አለችኝ። ከፍታ አሳየችኝ። የደበዘዘ፣ ሙዚቃ የሌለው፣ የሚጣደፍ ኮፒ ነው። ይህን ቀምሶ ድምፅ አልባ ፊልም አይጥመኝም ለሚል ሰው አልፈርድበትም።

«ያኔ ካሜራው የሚዘወረው በእጅ ነበር» አልኳት። «ብዙ ጊዜ በሴኮንድ 16፣ 18፣ 20 ፍሬም (ነጠላ ምስል)። በዛሬው 24 ስታጫውቺው ይሮጣል።»

ሌላ ማብራሪያ አላስፈለጋትም። «ከ24 ወደ 18 ከሆነ 75 ፐርሰንት» ብላ ክሊፑን ታይምላይን (ቪዲዮ የሚደረደርበት መስመር) ላይ ጣለችና ስፒዱን ቀነሰችው። ሲሮጥ የነበረው ሰውዬ መራመድ ጀመረ። ጫማው መሬት ሲነካ ክብደት አለው። ባርኔጣውን ሲያነሳ እጁ ላይ ማመንታት ይታያል። «እንዴ፣ ሰው ነው እኮ!» አለች። ኮሜዲዎቹ ላይ ግን እንድትጠነቀቅ ነገርኳት። ሆን ብለው ፈጠን እንዲል የሚቀርጹት አለ። እሱን ካዘገየሽው ቀልዱን ትገድይዋለሽ። ደግሞም እነዚህ ፊልሞች በዝምታ አይታዩም ነበር። ትንንሹ ሲኒማ ቤት ፒያኖ፣ ትልልቁ ሙሉ ኦርኬስትራ ነበረው። ሙዚቃ የሌለው ኮፒ ፊልሙን ጎዶሎ ነው የሚያሳይሽ።

ያን ቀን ማታ የሰርግ ቪዲዮ ሬንደር ላይ ነበር፤ ማሽኑ ያለቀውን ሥራ ወደ አንድ ፋይል እያወጣ ነው። ከማሽኑ ጋር ማምሸታችን ስለማይቀር የድምፅ አልባ ዘመኑን ኮሜዲያን የባስተር ኪተንን «ሸርሎክ ጁኒየር» ከፈትኩላት። የ1924 ሥራ ነው፣ 45 ደቂቃ ገደማ። ኪተን ሲኒማ ቤት ፊልም የሚያጫውት ልጅ ነው። ማሽኑ አጠገብ እንቅልፍ ይወስደውና በሕልሙ ተነስቶ ስክሪኑ ውስጥ ይገባል። ገብቶ አያርፍም። አግዳሚ ወንበር ላይ ሊቀመጥ ሲል ቦታው መኪና የሚተራመስበት መንገድ ይሆንና ወደ ኋላ ይወድቃል። ሲራመድ ገደል አፋፍ ይሆንበታል። አንገቱን አስግጎ ወደ ታች ሲያይ አንበሶች መሃል ነው። ከዚያ በረሃ። ከዚያ ባሕር መሃል ያለ ዐለት። ወደ ውኃው ዘልሎ ሲጠልቅ በረዶ ውስጥ ይሰካል።

እዚያ ላይ ስፔስ ባሩን መታችው። «ቆይ፣ ቆይ» አለች። ወደ ኋላ መለሰችና በአሮው ኪይ ፍሬም በፍሬም መሄድ ጀመረች። ጣቷን ሞኒተሩ ላይ አድርጋ የኪተንን ጭንቅላት ያዘች። ቦታው ሲቀየር ጭንቅላቱ ከጣቷ አልወጣም። የትከሻው ዝንባሌ፣ የእጁ አቀማመጥ፣ ሁሉም ይገጥማል። «ይሄ ያለ ግሪን ስክሪን?» ግሪን ስክሪን፣ ከሰው ጀርባ ቦታ የሚቀየርበት አረንጓዴ ጨርቅ፣ የለም። ኪተንና ካሜራማኑ በካሜራውና በሰውዬው መሃል ያለውን ርቀት በመሬት መለኪያ መሣሪያ እየለኩ ነው እያንዳንዱ ቦታ ላይ የቆሙት። ስለ ማች ካት፣ ቦታው ሲቀየር አቋሙን ስለሚያገጥመው ቆረጣ፣ ከኔ የሰማችው ማብራሪያ የለም። ከጣቷ ስር ተማረችው።

ሬንደሩ ሲያልቅ እኛ አላለቅንም። ከዚያ በኋላ የምታየውን የምትጠይቀኝ ራሷ ሆነች። ቻፕሊንን በ«ዘ ኪድ» (1921) እንደገና ሞከረችው። ቀጥሎ «ሲቲ ላይትስ» (1931)፣ ድምፅ ያለው ፊልም ዓለምን ከያዘ በኋላ ቻፕሊን ያለ ንግግር የሠራው። እዚያ ውስጥ አበባ ሻጯ ዓይነ ስውር ናት። ቻፕሊን በቆመ መኪና ውስጥ አቋርጦ ሲወርድ የበሩን መዘጋት ትሰማና ሀብታም ሰው ወረደ ብላ ታስባለች። ታሪኩ ሁሉ የቆመው በአንድ የበር ድምፅ ላይ ነው፤ ያንን ድምፅ የምንረዳው ግን በዓይናችን ነው። ድምፅ ላይ ጎበዝ ለሆነች ልጅ ከዚህ የተሻለ ስጦታ አላውቅም።

ከጋሼ ዝርዝር ውስጥ «የዣን ዳርክ ሕማማት»ም ነበር፣ ለፍርድ ስለቀረበችው ፈረንሳዊት ጀግና። ዴንማርካዊው ድራየር ፈረንሳይ ውስጥ ሠርቶ በ1928 ያወጣው። ፊት ብቻ ማለት ይቻላል፤ ክሎዝ አፕ በክሎዝ አፕ። ልጅቷ ስትጠይቀኝ «እሱ ይቆይሽ» አልኳት። ለጀማሪ አልሰጠውም፤ ዛሬም ለጀማሪ አልሰጠውም። እሷ ግን አልቆየችም። ቅዳሜ ማታ ቤቷ ከፈተችው፣ ከእናቷ ጋር።

እናቷ እንግሊዝኛ አያነቡም። ድምፅ አልባ ፊልም አይተውም አያውቁም። ልጅቷ በየመሃሉ የሚመጣውን ጽሑፍ በአማርኛ ታነብላቸው ነበር። ጃፓን ውስጥ ይህን የሚሠሩ ቤንሺ የሚባሉ ባለሙያዎች ነበሩ፤ ከስክሪኑ አጠገብ ቆመው ታሪኩን ለተመልካች ይተርካሉ። እናትየው ፋልኮኔቲን፣ ዣን ዳርክን የምትጫወተዋን፣ እያዩ መነሳት አቃታቸው። ዳኞቹ «በእግዚአብሔር ጸጋ ውስጥ ነሽን?» ብለው ሊያጠምዷት ሲጠይቋት፣ «ከሌለሁ እሱ ያግባኝ፤ ካለሁም እሱ ይጠብቀኝ» ብላ ትመልሳለች። በ1431 ከተካሄደው ችሎት መዝገብ የተወሰደ ቃል ነው። ልጅቷ ይህን ስታነብላቸው እናትየው «አፈር ስሆን፣ ምን ትላለች ይቺ ልጅ!» ብለው እንባቸው ወረደ። ፊልሙ ሲያልቅ ድጋሚ ክፈቺልኝ አሉ።

ጋሼ ይህን ሲሰሙ በጣም ደስ አላቸው። አሁን ለመጣ እንግዳ ሁሉ «ዣን ዳርክን የሰጠኋት እኔ ነኝ» ይላሉ። ሐቅ ነው፣ የሰጧት እሳቸው ናቸው።

ቢሆንም የመጀመሪያው ነገር ከውስጤ አልወጣም። ልጅቷም አልተወችውም። አንድ ቀን የኦስካር ሚሾን «ዊዝን አወር ጌትስ» ሰጠኋት። ሚሾ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ገበሬ ነበር፤ የጻፋቸውን ልብ ወለዶች ራሱ አሳትሞ ቤት ለቤት ይሸጥ ነበር። ከዚያ ነው ወደ ፊልም የመጣው። ይህንን በ1920 አወጣ። ጥቁር አሜሪካዊ ካዘጋጃቸው ሙሉ ፊልሞች ውስጥ እስከ ዛሬ ከተረፉት ቀዳሚው ነው። ለብዙ ዘመን ጠፍቶ ቆይቶ አንድ ኮፒ ስፔን ውስጥ ተገኘ፣ «ላ ኔግራ» በሚል ርዕስ። በ1993 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሲጠግነው ጽሑፎቹን ከስፓኒሽ ወደ እንግሊዝኛ መመለስ ግድ ሆነ።

መጨረሻው አካባቢ ሚሾ ክሮስ ካቲንግ ይጠቀማል። በአንድ በኩል መንጋ ያለ ፍርድ የሚሰቅላቸው ጥቁር ቤተሰብ። በሌላ በኩል ጥቁር ሴት ሊደፍር የሚታገል ነጭ። ካቱ የግሪፊዝ ዘዴ ነው፣ እዚህ ግን አዳኝ ፈረሰኛ የለም። ልጅቷ የግሪፊዝንና የሚሾን ትዕይንቶች አንድ ታይምላይን ላይ አስገብታ ከላይና ከታች ደረደረቻቸው። ካት በካት ማርከር (ባለ ቀለም ምልክት) አደረገች። ቀዩ የግሪፊዝ፣ አረንጓዴው የሚሾ። ማንም አላዘዛትም። በምሳ ሰዓቷ ነው የሠራችው።

«ለጋሼ ላሳያቸው?» አለችኝ። «መጀመሪያ ፊልሙን ይዩት» አልኳትና እኔው ራሴ ጋሼ ማሽን ላይ ገለበጥኩት። «አሁን የያዝነው ማስታወቂያ ይውጣ፣ ከፋሲካ በኋላ አየዋለሁ» አሉኝ። ማስታወቂያው ወጣ። ፋሲካም አለፈ። ፋይሉ ዴስክቶፓቸው ላይ እንዳለ ነው፣ 79 ደቂቃ ብቻ። በየሳምንቱ እጠይቃቸዋለሁ፤ እስኪያዩት ድረስም መጠየቄን አልተውም።