ጥፍሬን በጥፍር መቁረጫ የቆረጥኩበት ቀን

ባለፈው እሑድ ጥፍሬን ቆረጥኩ። በጥርሴ ሳይሆን በጥፍር መቁረጫ።

ለብዙ ሰው ይሄ የሚወራ ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ። እኔ ግን ጥፍሬን መብላት የጀመርኩት ገና ፊደል ስቆጥር ነው። ከዚያ ወዲህ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሚቆረጥ ጥፍር ኖሮኝ አያውቅም። መቁረጫው ቀጭ ሲልና ያቺ ግማሽ ጨረቃ የምትመስል ቁራጭ ጠረጴዛው ላይ ስትወድቅ እንባዬ መጣ። አንስቼ ብርሃን ላይ አየኋት። ዳር ዳሯ ልሙጥ ነበር።

ይሄን የምጽፈው እንደኔ እጁን ደብቆ የሚኖር ሰው ብዙ እንደሆነ ስለማውቅ ነው። ጥፍር መብላት ሲባል ሁሉም የልጅ ነገር ይመስለዋል። እውነት ነው፣ የሚበዛው በልጅነትና በጉርምስና ነው። ግን ይዞት የሚያድግ ሞልቷል፤ ብቻ ስለሱ አያወራም። እኔ ወረቀት ስቀበል ጣቶቼን ወደ ውስጥ አጥፌ ነበር። ስፈርም በግራ እጄ ቀኙን እጋርዳለሁ። ፎቶ ስነሳ ክንዴን አጣጥፌ ጣቶቼን ብብቴ ስር እወሽቃለሁ። ይሄን ሁሉ የማደርገው ሳላስበው ነበር፤ ከመልመዴ ብዛት ሰውነቴ ራሱ ያውቀዋል።

ሰው ደግሞ «ለምን አትተዪውም?» ይላል። እንዴት ብዬ? ሲጀምረኝ መች አውቀዋለሁ! እጄ አፌ ውስጥ መሆኑን የማውቀው ደም ደም ሲለኝ ነው።

እናቴ የቻለችውን ሁሉ አድርጋለች። «አንቺ ልጅ፣ እጅሽን ከአፍሽ አውጪ!» የሚለው ድምጿ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ከፍቅር እንደሆነ ያኔም ይገባኝ ነበር። ግን እሷ በጮኸች ቁጥር እኔ የተማርኩት መተውን ሳይሆን መደበቅን ነው። ፊቷ አልበላም፣ ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ እበላለሁ። የልጅ እጅ ላይ በጥፊ የምትመቱ ወላጆች፣ በጣም እለምናችኋለሁ፣ ተዉት። ልጁ እፍረት ይጨመርበታል እንጂ ልማዱ አይለቀውም፤ እፍረቱ ራሱ ደግሞ መልሶ እጁን ወደ አፉ ይወስደዋል።

አሁን ወዳስቆመኝ ነገር ልምጣ።

የቀኝ የመሃል ጣቴ ጥፍር ጎን ላይ አንዲት የተላጠች ቁራጭ ቆዳ ነበረች። ሥራ ላይ ነበርኩ፣ ረጅም ነገር እያነበብኩ። በጥርሴ ያዝኳትና ሳብኳት። ወደ ታች ይዛ ተላጠች። ትንሽ ደማ፣ ጠረግኩትና ረሳሁት። በማግስቱ ቀላ። በሦስተኛው ሌሊት እስከ ክንዴ ድረስ እየጠዘጠዘኝ እጄን ትራስ ላይ ሰቅዬ ተቀምጬ አነጋሁ። የልብ ምቴን ጣቴ ጫፍ ላይ እሰማው ነበር።

የሄድኩባቸው ሐኪም በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ጣቴን አደንዝዘው ጎኑን ትንሽ ከፈቱትና መግሉ ወጣ። ከዚያ ሌሎቹን ጣቶቼን አንድ በአንድ እያገላበጡ አዩ። እኔ ተግሣጹን እየጠበቅኩ አቀረቀርኩ። እሳቸው ግን «ከመቼ ጀምሮ ነው ልጄ?» አሉኝ፤ በቃ፣ ይሄን ብቻ። ሳልቆጣ የምመልሰው ጥያቄ ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው።

እሳቸውም አስረዱኝ። በጥፍሩና በጣቱ ቆዳ መካከል ያለችው ስስ ሽፋን ለጀርም የተዘጋች በር ናት። እሷን ስንነጭ በሩን እንከፍተዋለን፣ ከአፋችን የሚመጣው ባክቴሪያም ቀጥታ ይገባል። ይሄ ኢንፌክሽን ፓሮኒኪያ ይባላል። ነገሩ በተቃራኒውም ይሠራል፤ ጥፍር ስር ያለው ቆሻሻ፣ የአንጀት ትል እንቁላል ሳይቀር፣ ወደ አፍ ይገባል። ጣት ላይ ኪንታሮት ካለ ቫይረሱ ወደ ሌሎቹ ጣቶችና ወደ ከንፈር ሊዛመት ይችላል። የፊት ጥርስ ጫፉ ይበላል፣ ይሸረፋል፣ መንጋጋም ይታመማል። እኔን ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን ስለ ጥፍሩ ሥር የነገሩኝ ነው። ጥፍር የሚመረተው ከቆዳው ስር ተደብቆ ባለ ማትሪክስ በሚባል ቦታ ነው። ጫፉ ቢበላ መልሶ ያድጋል። ያ ሥር በተደጋጋሚ ከተጎዳ ግን ጥፍሩ ለሁልጊዜው ተጣሞ ወይም ተሰነጣጥቆ ሊቀር ይችላል። የእኔ ገና እንዳልተጎዳ ነገሩኝ። ያን ቀን ወደ ቤት የተመለስኩት «ገና» የሚለውን ቃል ይዤ ነው።

መጀመሪያ የሞከርኩት ሁሉም የሚሞክረውን ነው፣ መራራውን የጥፍር ቀለም። ውስጡ ያለው ዴናቶኒየም ቤንዞኤት የሚባል ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ስኮትላንድ ውስጥ የማደንዘዣ መድኃኒት ሲፈልጉ ነው ያገኙት። ሰው እስካሁን ከሚያውቃቸው እጅግ መራራ ነገሮች አንዱ ነው፤ ልጆች እንዳይጠጡት ብለው የመኪና ማቀዝቀዣ ፈሳሽና ሳሙና ውስጥ ሳይቀር ይጨምሩታል። ከልጅነቴ ጀምሮ ሁለት ጊዜ ሞክሬው ሁለቱንም ጊዜ ተሸንፌያለሁ። እጅ በተታጠበ ቁጥር ይለቃል፣ ደግሞም ምላስ ይለምደዋል። አሁን ሳስበው ስህተቴ እንደ ቅጣት ማየቴ ነበር። ቀለሙ የሚጠቅመው እንደ ደወል ነው። እጄ ሳላውቀው አፌ ሲደርስ ይቀሰቅሰኛል። ከተቀሰቀስኩ በኋላ ምን እንደማደርግ ካላወቅኩ ግን ደወሉ ብቻውን ምንም አይፈይድም።

ያን «ከዚያስ?» የሚለውን የመለሰልኝ የቆየ ዘዴ ነው። አዝሪን (Azrin) እና ነን (Nunn) የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1973 ያወጡት ነው። ዋናው ነገር ሁለት ነው። አንደኛ፣ ልማዱ ገና ሲጀምር ምልክቱን መያዝ። ሁለተኛ፣ በዚያች ቅጽበት ለእጅ ሌላ ሥራ መስጠት፤ ለምሳሌ ጡጫን ለስለስ አድርጎ ጨብጦ ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ መቆየት። የተጨበጠ እጅ ጥፍሩን አይበላም።

ቀላል ይመስላል አይደል? ከባዱ የመጀመሪያው ነው።

ስልኬ ላይ ማስታወሻ ከፈትኩና እጄ ወደ አፌ በሄደ ቁጥር ሰዓቱንና ምን እያደረግኩ እንደነበር እጽፍ ጀመር። ለመተው ሳይሆን ለማወቅ ብቻ። በመጀመሪያው ቀን አርባ ሦስት ጊዜ መዘገብኩ። አርባ ሦስት! ያውም የያዝኩትን ብቻ። ከአራት ቀን በኋላ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። እድሜ ልኬን ጥፍሬን የምበላው ስጨነቅ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ግማሹ ግን ምንም ሳልሆን ነው፤ ኢንተርኔቱ እስኪከፍት ስጠብቅ፣ ስብሰባ ላይ ሌላ ሰው ሲያወራ፣ ረጅም ጽሑፍ ሳነብ። በኋላ እንዳነበብኩት ሞንትሪያል ያሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ይሄንኑ አይተዋል። እንዲህ ያለ ልማድ ያለባቸው ሰዎች ከዘና ማለት ይልቅ ሲሰለቹ፣ ሲበሳጩና ሲጨነቁ ነው ስሜቱ የሚነሳባቸው። ደግሞም ብዙዎቹ ሁሉም ነገር ፍጹም ካልሆነ የማይዋጥላቸው ሰዎች ናቸው።

ይሄ ሁለተኛው ነገር ቶሎ አልገባኝም ነበር። እስከዚያች ማታ ድረስ።

ሶፋ ላይ ተቀምጬ የቀኝ እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ዝም ብዬ አየሁት፣ ምን ያደርግ ይሆን ብዬ። አውራ ጣቴ ተንቀሳቀሰ። የሌሎቹን ጥፍሮች ጫፍ አንድ በአንድ ይዳብስ ጀመር። ሌባ ጣትን፣ የመሃሉን፣ የቀለበቱን፣ ትንሿን። ከዚያ ይመለሳል። አንድ ነገር እየፈለገ ነው። የቀለበት ጣቴ ላይ ሲደርስ አንዲት ሻካራ ጫፍ አገኘና እዚያው ቀረ፣ ወዲያ ወዲህ፣ ወዲያ ወዲህ። ያኔ አፌ ውስጥ ምራቅ ሞላ፣ እጄም ከጉልበቴ ተነሳ።

አገኘሁት ማለት ይሄ ነው! ጥርሴ ጥፍሬን የሚያጠፋው ለማጥፋት ብሎ አይደለም፤ ያቺን ሻካራ ቦታ ሊያስተካክል ነው የሚመጣው። ግን ጥርስ ጥፍርን ይቀደዋል እንጂ አያስተካክለውም፤ አንዷን ሻካራ አጥፍቶ ሁለት ይተካል፣ አውራ ጣቴም ተመልሶ መጥቶ ሁለቱን ያገኛል። ሃያ ሁለት ዓመት የዞርኩት እዚህች ክብ ውስጥ ነው።

በማግስቱ ሦስት የጥፍር ሞረድ ገዛሁ። አንዱ ቦርሳዬ ውስጥ፣ አንዱ ሥራ ጠረጴዛዬ ላይ፣ አንዱ አልጋዬ አጠገብ። ሕጉ አንድ ነው፤ አውራ ጣቴ መዳበስ ሲጀምር ሞረዱን አነሳለሁ። ሻካራዋን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሳብ ሳብ አድርጌ አለሰልሳለሁ፣ ወዲያ ወዲህ ካደረጉት ጥፍሩ ይሰነጠቃል። ማታ ማታ የጥፍሬን ዙሪያ ቫዝሊን እቀባለሁ፣ የሚላጥ ቆዳ ከሌለ ጥርሴ የሚስበው ያጣል። ሞረድ ማውጣት የማልችልበት ቦታ ስሆን እጨብጣለሁ፤ ወይ ደግሞ የአውራ ጣቴን ጫፍ በሌባ ጣቴ ቀስ አድርጌ አሻሻለሁ። ይሄኛውን ከሃምቡርግ ተመራማሪዎች ነው የተማርኩት። እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጡት ጥናት ጥፍር እንደ መብላት ያለ ልማድ ያለባቸው 268 ሰዎች ነበሩ። ለስድስት ሳምንት ጣታቸውን ወይም መዳፋቸውን በስሱ እንዲነኩ ከተነገራቸው ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ተሻሽለዋል። ዘዴው ገና ሳይነገራቸው ተራ ሲጠብቁ ከነበሩት ውስጥ የተሻሻሉት ከአምስት አንድ ገደማ ናቸው። ከሁሉ የበለጠ የጠቀመው ደግሞ ጥፍር ለሚበሉት ነው።

አሥሩንም ጣት ባንዴ ለማዳን አልሞከርኩም። መጀመሪያ የግራ ትንሿ ጣቴን ብቻ መረጥኩ። «አንቺን አልነካሽም» አልኳት። ሌሎቹን ብበላ እንኳ እሷን እተዋታለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ጫፏ ላይ ክር የምታህል ነጭ መስመር አየሁ። የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው የሚያድገው፣ ከሥሩ እስከ ጫፉ ሙሉ በሙሉ ለመተካት ስድስት ወር ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ ያቺ መስመር ምንም አትሞላም። እኔ ግን በቀን አሥር ጊዜ አያት ነበር። ከዚያ ቀጥላ ያለችውን ጣት ጨመርኩ፣ ከዚያ ሌላዋን።

በስድስተኛው ሳምንት ወደቅኩ። ማታ ስልክ ተደውሎ ስለ ቤተሰብ ሕመም ሰማሁ። ሌሊቱን ሙሉ ሌላ ስልክ እየጠበቅኩ ተቀመጥኩ። ሲነጋ አስተዋልኩ፣ ዘጠኙም የሉም። ትንሿ ብቻ ቀርታለች። እንዴት እንደተረፈች አላውቅም፣ ቃሌን ለእሷ ስለሰጠሁ ይሆናል።

ድሮ ቢሆን «በቃ፣ እኔ አልችልም» ብዬ እተወው ነበር። ብዙ ጊዜም እንዲሁ ትቼዋለሁ። በዚህኛው ግን ያነበብኩትን አንድ የለንደን ጥናት አስታወስኩ። 96 ሰዎች አዲስ ልማድ ለመያዝ ሞክረው ነገሩ ያለ ሐሳብ የሚሠራ እስኪሆን ስንት ቀን እንደፈጀ የታየበት ነው። መካከለኛው 66 ቀን ሆነ። ለአንዱ 18፣ ለሌላው ግን 254 ቀን ይፈጃል ተብሎ ተሰላ። አንድ ቀን መሳትም ጉዞውን አላበላሸውም። የእኔ አዲስ ልማድ ሞረድ ማንሳት ነው። ስለዚህ ቁርሴን ሳልበላ ሞረዱን አነሳሁና የቀረችውን ቁራጭ ጥፍር ሁሉ አለሰለስኩ፣ እጄ ላይ ምንም ሻካራ ነገር እንዳይቀር። ማስታወሻዬ ላይም ጻፍኩት፣ ሰዓቱንም፣ ምክንያቱንም።

አንድ ነገር ሳልናገር አልለፍ። የእኔ በዚህ መንገድ ቀለለ። ጣታችሁ ዘወትር የሚደማ፣ ጥፍራችሁ እየተጣመመ የሄደ፣ ወይም ልማዱ ቀናችሁን የሚበላባችሁ ከሆነ የቆዳ ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ እዩ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ እንኳ ከባዱን ዓይነት አስገብቶታል። ሥራችን ነው ብለው የሚያክሙት ሰዎች አሉ ማለት ነው። የፈቃድ ማነስ ብላችሁ ራሳችሁን አትውቀሱ።

አሁን ከጀመርኩ ስምንተኛ ወር ላይ ነኝ። ለካ ጥፍር ብዙ ሥራ አለው! የተለጠፈ ነገር ጠርዙን ይዤ መላጥ እችላለሁ። የተቋጠረ ክር እፈታለሁ። ጠረጴዛ ላይ የወደቀች ሳንቲም ወደ ዳር ሳልገፋት አነሳታለሁ። ሲበላኝ ማከክ የሚባል ነገር እንዲህ ደስ እንደሚል አላውቅም ነበር። እናቴ ባለፈው እጄን ይዛ ብዙ አየችው፣ ምንም አላለችም፣ ዝም ብላ በአውራ ጣቷ እየደባበሰች ቆየች።

ማስታወሻውን አላቆምኩም። ትናንት ሁለት ጊዜ ነው የተመዘገበው፣ ሁለቱም ረጅም መልእክት ሳነብ። የቀኝ የቀለበት ጣቴ ከሌሎቹ አሁንም አጠር ትላለች። ይሄን ስጽፍ እንኳ አውራ ጣቴ ሁለቴ ሄዶ ዳብሷታል፤ ሞረዱ ከኪቦርዱ አጠገብ ነው።