የሚጮህ ኮምፒውተር አልሞተም

ዛሬ አክስቴ ቤት ያለው የድሮ ዴስክቶፕ አልነሳ አለ። ሲበራ ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው፤ ከውስጥ ጲጵ ጲጵ የሚል ድምፅ ብቻ ይሰማል። አክስቴ «በቃ ለቆራሌው ልስጠው» ብላ ነበር። ሰፈር ውስጥ ኮምፒውተር የሚጠግን ልጅ መጣና ትንሽ አዳምጦ «እትዬ፣ የሚጮህ ኮምፒውተር አልሞተም፣ የጎደለውን እየነገረን ነው» አላት።

ሶኬቱን ነቅሎ ራሙን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲሠራ መረጃ ለጊዜው የሚይዝበትን ቀጭን ካርድ፣ አወጣ። ከዚያ ላጲስ ጠየቀ፣ የተማሪ ላጲስ! የራሙን ወርቃማ ጥርሶች ቀስ አድርጎ በአንድ አቅጣጫ እየጠረገ ሲሄድ ላጲሱ ላይ ጥቁር እድፍ ቀረ። ብናኙን አራግፎ ቀጭ እስኪል መልሶ ሰካው። ስክሪኑ በራ።

ቀኑ ግን 2009 ይላል፣ ብሮውዘሩም ድረ ገጾቹን አልከፍትም አለ። ለካ ቀኑ ከተሳሳተ የድረ ገጾቹ የደህንነት ሰርተፍኬት የሚሠራበት ጊዜ ገና ያልደረሰ ይመስለዋል። ጥፋቱ የማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ክብ ባትሪ ነው፣ ሲአር 2032 የሚሉት፣ ባለ 3 ቮልቱ። ኮምፒውተሩ ከመብራት ሲነቀል ሰዓቱን የሚይዘው እሱ ስለሆነ፣ ሳይሰካ የቆየ ዕቃ ላይ ቶሎ ያልቃል። ተቀየረ፣ አለቀ።

በየመሥሪያ ቤቱ ኮሪደር ተደራርበው አቧራ የሚጠጡትን ኮምፒውተሮች ሳስብ ከልቤ ይቆጨኛል። ስንቶቹ ይሆኑ ተከፍተው የታዩት? እባካችሁ ከመጣላችሁ በፊት ለሚያውቅ ሰው አሳዩ። ሃርድ ዲስኩንም ሳታዩ ለማንም አትስጡ፤ የአክስቴ ልጆች የሕፃንነት ፎቶ በሙሉ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።