ሃንዩዋን፦ የንብን ሥራ በላባ የሚሠሩ ሰዎች

ፎቶውን ሳታዩት አትቀሩም። ዛፍ ላይ የወጣ ገበሬ ረጅም ዘንግ ይዞ አበባ ሲነካካ የሚያሳየው፣ ከሥሩ ደግሞ «ቻይና ንብ አለቀባት» የሚል የተጻፈበት። እኔ ለዓመታት ከአእምሮዬ ስላልወጣ በመጋቢት መጨረሻ፣ ፒር የተባለው ፍራፍሬ በሚያብብበት ሰሞን፣ ሄጄ አየሁት።

በደቡብ ምዕራብ ቻይና የሲችዋን ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ከሆነችው ከቼንግዱ በጠዋት ነው የተነሳነው። እዚያው ሲችዋን ውስጥ ወዳለው የፒር አገር፣ ወደ ሃንዩዋን ወረዳ፣ የሚወስደው መንገድ ድልድይና ዋሻ፣ ድልድይና ዋሻ ነው። ከዋሻዎቹ አንዱ ብቻ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ስንገባ ካፊያና ጉም ነበር፣ በዚያኛው በኩል ስንወጣ ግን ፀሐይ፣ ተራራው ደግሞ ከላይ እስከ ታች ነጭ በነጭ። አበባ ነው። ለተወሰነ ጊዜ ማንም አላወራም።

ማሳው ውስጥ ስንገባ መጀመሪያ ያስተዋልኩት ዝምታውን ነው። ያን ሁሉ አበባ ይዞ እንዴት ዝም ይላል? ጆሮዬ ጥዝዝታ ይጠብቃል፣ የሚሰማው ግን ከየዛፉ ላይ የሰዎች ወሬ ነው።

አንዲት ጠና ያሉ ሴት አንገታቸው ላይ ትንሽ ጠርሙስ አንጠልጥለዋል። በእጃቸው ቀጭን ዘንግ አለ፣ ጫፉ ላይ የዶሮ ላባ ታስሯል። ላባውን ጠርሙሱ ውስጥ ነከር ያደርጉና አበባውን ነካ፣ ቀጥለው ሌላውን ነካ። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ቢጫ ዱቄት የአበባ ብናኝ ነው። ቀደም ብለው ከሌላ ዓይነት ፒር አበባ ለቅመው፣ ብናኝ የሚይዙትን ጫፎች ነጥለው፣ ሞቅ ባለ ቦታ አድርቀው ነው ያዘጋጁት። አብሮኝ የመጣው ጓደኛዬ እያስተረጎመልኝ እንድሞክር ጠየቅኳቸው። ፈቀዱልኝ። ፒር በአንድ ቦታ አምስት ስድስት አበባ ሰብሰብ አድርጎ ነው የሚያወጣው፣ እያንዳንዱ መሐል ላይ ደግሞ ብናኙን የሚቀበሉ እንደ ክር የቀጠኑ ጫፎች አሉት። እነሱን ሳይጎዱ መንካት ያስፈልጋል። አንድ ቅርንጫፍ ሳልጨርስ ክንዴ ዛለ። እሳቸው ቀኑን ሙሉ ሠርተው የሚያዳርሱት አሥር ዛፍ እንኳ ላይሞላ ይችላል፣ አበባው ደግሞ በጥቂት ቀን ውስጥ ይረግፋል።

ታዲያ ንቦቹ የት ሄዱ? ቻይና ንብ አላለቀባትም፣ እንዲያውም ከዓለም ብዙ ማር የምታመርተው እሷ ናት። የሃንዩዋን ችግር ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ገበሬው ገበያ የሚወደውን አንድ የፒር ዓይነት እየመረጠ ተራራውን ሞላው። ይህ ፒር በራሱ ብናኝ ፍሬ አይዝም፣ ከሌላ ዓይነት ፒር መምጣት አለበት። ብናኝ የሚሰጡት ዛፎች ግን ፍሬያቸው ገበያ ላይ ብዙ ዋጋ ስለማያወጣ ቁጥራቸው ተመናመነ። በዚያ ላይ ፀረ-ተባዩ በየጊዜው ይረጫል።

ሴትየዋን ንብ አናቢዎች ቀፎ ይዘው ለምን እንደማይመጡ ጠየቅኳቸው።

«ንባቸው እንዲሞትባቸው ነው?» አሉኝ፣ ላባውን ሳያቆሙ።

በጣም ያሳዘነኝ ይህ መልስ ነው። ሁሉም ያውቀዋል ማለት ነው። መርጨቱን አንድ ገበሬ ብቻውን ቢያቆም ደግሞ ዋጋ የለውም፣ ንብ የማሳ ድንበር አታውቅም፣ ከጎረቤት ማሳ መርዙን ይዛ ትገባለች። ስለዚህ በአበባ ወቅት ላለመርጨት መንደሩ በሙሉ መስማማት አለበት። ከየመሐሉ ብናኝ የሚሰጡ ዛፎች መተከል አለባቸው። ከዛፎቹ ሥር ያለው ሣርና የዱር አበባም ሁልጊዜ አይመንጠር፣ ምክንያቱም ፒር የሚያብበው ለጥቂት ቀን ነው፣ ንቧ ግን በቀሩት ወራትም መብላት አለባት። ብዙዎቹ የዱር ንቦች ደግሞ ቀፎ አያውቁም፣ አፈር ቆፍረው ነው የሚኖሩት። መሬቱ በየጊዜው ከተገለበጠና ከተረጨ ማደሪያም የላቸውም።

ይህ የአንድ ተራራ ጉዳይ አይመስለኝም። መንግሥታት በጋራ ያቋቋሙት የብዝኃ ሕይወትና የሥነ ምህዳር አገልግሎት የሳይንስ መድረክ (IPBES) እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ሪፖርት እንደሚለው በዓለም ዋና ዋና ከሚባሉት የምግብ ሰብሎች ከ75 በመቶ በላይ የሚሆኑት፣ በትንሹም ቢሆን፣ በንብና ብናኝ በሚያዳርሱ ሌሎች እንስሳት ላይ ይደገፋሉ። ለእነዚህ ሁሉ ላባ ይዞ ዛፍ የሚወጣ ሰው ከየት ይመጣል? እዚያው ሃንዩዋን እንኳ የቀን ሠራተኛ ዋጋ ሲወደድ ፒሩን ትተው ወደ ሌላ ተክል የዞሩ አሉ።

ወደ ማታ ስንመለስ ከሸለቆው ታች የጎመንዘር ማሳ አጠገብ ቆምን። ቢጫ ነው። ጥግ ላይ ቀፎዎች ተደርድረዋል፣ ዘዋሪ ንብ አናቢዎች በመኪና ያመጧቸው ናቸው። ንቦቹ እግራቸው ላይ ቢጫ ቋጠሮ ይዘው ይገባሉ፣ ባዶ ሆነው ይወጣሉ። ጠዋት ያጣሁት ጥዝዝታ እዚህ ነበር። ቀና ስል ከላይ ነጩ ተራራ ላይ፣ ሊመሽ ሲል፣ ሰዎቹ አሁንም ዛፍ ላይ ናቸው።