ሥራ ከመልቀቄ በፊት የጡረታ ፋይሌን ባየሁ ኖሮ

ዘጠኝ ዓመት በአንድ ልብስ ፋብሪካ ጨርቅ ቆራጭ ነበርኩ። በ2015 ዓ.ም. ለቅቄ የራሴን ስፌት ቤት ከፈትኩ። በመልቀቄ አልቆጭም። እስካሁን የሚያንገበግበኝ አወጣጤ ነው።

ቀላል ቀላሉን ቶሎ ልጨርሰው። የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ሰጠሁ፤ ቅጂው ላይ ማኅተም አስደረግኩ። ያልወሰድኩት የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ታሰበልኝ። የስንብት ክፍያ ላይ ግን «በገዛ ፈቃድሽ ስለለቀቅሽ የለሽም» አሉኝ። ስህተት ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አምስት ዓመት ያገለገለና የሥልጠና ውል ግዴታ የሌለበት ሠራተኛ ራሱ ቢለቅም ይከፈለዋል። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ። ለእኔ የ110 ቀን ደመወዝ መጣ። አንቀጹን አትሜ ጠረጴዛቸው ላይ ሳስቀምጠው ያለ ክርክር ከፈሉኝ። የስፌት መኪናዬ የተገዛችው በዚያ ብር ነው።

አሁን ወደ ጡረታው።

በየወሩ ከደመወዜ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል። ፔሮል ላይ ሲቆረጥ በዓይኔ እያየሁ ስለፈረምኩ ጨርሶ አልተጠራጠርኩም። ከለቀቅኩ ከሁለት ወር በኋላ እንዲያው ለማወቅ ያህል ጡረታ መሥሪያ ቤት ሄጄ ፋይሌን አስፈለግኩ። የመጀመሪያ ቀን «ሲስተም የለም»። በሦስተኛው ቀን ልጅቷ በአንድ ጣቷ ስሜን ጻፈች፣ ዝም አለች፣ ከዚያ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው።

«እህቴ፣ ያለሽ ሰባት ዓመት ከአሥር ወር ነው።»

አሥራ አራት ወር የለም! ስሜ በፀሐዩ ፀ ነው የሚጀምረው። አንድ ወቅት ላይ የፋብሪካው ሒሳብ ሠራተኛ ተቀየረና አዲሱ በጸሎቱ ጸ እየጻፈ ሲልክ ከርሟል። ለእኛ ሁለቱም ያው ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት ሴቶች ነን። አንዷ እኔ፣ ሌላዋ አሥራ አራት ወር ሠርታ የጠፋች።

«ድርጅትሽ በደብዳቤ ያስተካክል» ተባልኩ። ሄድኩ። ዘጠኝ ዓመት በየጠዋቱ «እንዴት አደርሽ» ያልኩት ዘበኛ ባጅ ስለሌለኝ በር ላይ አቆመኝ። የውስጥ ሰዎች «ክሊራንስ ወስደሻል፣ ፋይልሽ ተዘግቷል» አሉኝ። ያ ሒሳብ ሠራተኛም ለቋል። አንድ ወር ቆይቶ ደብዳቤው ተጻፈ፤ የጡረታ መለያ ቁጥሬን ስላልጠቀሱ ተመለሰ። በድጋሚ ተጻፈ፤ ፈራሚው ፈቃድ ላይ ነበር። በጠቅላላው አራት ወር ፈጀ። ያዳነኝ ቁም ሣጥን ውስጥ በፌስታል የከተትኳቸው የደመወዝ ወረቀቶች ናቸው። እነሱ ባይኖሩ ማን ያምነኝ ነበር?

በፋብሪካው ሰዎች ብቻ አልፈርድም። ባጅ አንገቴ ላይ ሳለ የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። በ60 ዓመት ጡረታ ለመውጣት ቢያንስ የአሥር ዓመት አገልግሎት እንደሚጠየቅ አውቃለሁ፤ ግን ወሬዬ ሁሉ ስለ ንግድ ፈቃድና ስለ ኪራይ ነበር። «ይሄ የአሠሪው ሥራ ነው፣ ሠራተኛው አይመጣም» ይሏችኋል። አትስሙ። መልቀቂያ ከማስገባታችሁ በፊት ራሳችሁ ሂዱ፣ በወር በወሩ አስቆጥሩ፣ ስማችሁን ፊደል በፊደል እዩ። ንግድ ፈቃዱ ይደርሳል።

ሕክምናም አለ። የፋብሪካው ሕክምና በመጨረሻው የሥራ ቀኔ ተቋረጠ። እንደኔ በግል ለሚሠራ ያለው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ነው፤ ወረዳ ስሄድ የዓመቱ ምዝገባ አልፏል። ልጄ ቶንሲል ሲይዘው ሙሉውን ከኪሴ ከፈልኩ። ምዝገባው መቼ እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ነበር፤ አልጠየቅኩም።

ባለፈው ወር አንዲት ልጅ ቀጠርኩ። አሁን 11 በመቶዋን የምከፍለው እኔ ነኝ። ፎርሙን ስሞላ መታወቂያዋን አስመጣኋት።

«ሰላማዊት በየትኛው ሰ ነው?» አልኳት።

«ምን ለውጥ አለው?» ብላ ሳቀች።

እስክሪብቶውን አስቀምጬ ቁጭ በይ አልኳት።