«ኢምፕሩቭ» እና ትርፍ

ዛሬ ቀኑን ሙሉ የሥራ ግምገማ ቅጽ ስሞላ ዋልኩ። «ኢምፕሩቭ» (ማሻሻል) የምትለው የእንግሊዝኛ ቃል በየመስመሩ ተሰንቅራለች። ሲሰለቸኝ መዝገበ ቃላት ከፍቼ ታሪኳን ማንበብ ጀመርኩ። ለካ ጉደኛ ቃል ናት!

መነሻዋ ትርፍ ነው። ከሰሜን ፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች እንግሊዝን ከወረሩ በኋላ እዚያ ይነገር በነበረው ፈረንሳይኛ «ፕሩ» ማለት ጥቅም ነበር። ከሱ የወጣው ግስ ሀብትን ለትርፍ ማዋል ሆነ፤ በተለይ መሬትን። የእንግሊዝ ባለርስቶች የጋራ ግጦሽ የነበረውን መሬት አጥረው የግላቸው ሲያደርጉት «ኢምፕሩቭ አደረግነው» ይሉ ነበር። ላሙን ይዞ ከአጥሩ ውጭ ለቀረው ገበሬ ግን ምኑ ተሻሻለለት? የዛሬው «የተሻለ ማድረግ» የሚለው ትርጉም የተስፋፋው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የድሮው ግን ጨርሶ አልሞተም። በአሜሪካ የንብረት ሕግ መሬት ላይ የተሠራ ቤት እስከ ዛሬ «ኢምፕሩቭመንት» ይባላል። አስቀያሚ ቢሆንም! መኩራትን የሚገልጸው «ፕራውድም» የዚሁ ዘር ነው፤ እሱ እንኳን አልገረመኝም።

ሌላዋ የማሻሻል ቃል «ኢንሃንስ» ደግሞ ከላቲኑ «አልቱስ» ነው የሚመዘዘው፤ ከፍታ ማለት ነው። ከፍ ማድረግ፣ በቃ።

ለእኔ ከሁሉም ሐቀኛዋ «አሜንድ» (ማረም) ናት። «ሜንዳ» በላቲን ጉድለት ነው፤ ስለዚህ አሜንድ ማለት ጉድለትን ማውጣት ነው። የተቀደደ ልብስ መጠገን የሚባልበት «ሜንድም» የሷው የመጀመሪያ «አ» ተቆርጣ የተሠራ ነው።