የጥዱ ዝናብ

ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ ያመጣኝ ጉዳይ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሳይሞላ አለቀልኝ። ማደሪያዬ ፒያሳ ስለነበረ የቀረው ቀን የራሴ ሆነ። ወሩ ነሐሴ፣ ጾሙ ፍልሰታ፣ ደመናው የቤት ጣሪያ ሊነካ ምንም አልቀረውም። ለዓመታት ሳስበው ለቆየሁት ጉዞ ከዚህ የተሻለ ቀን አላገኝም ብዬ በታክሲ ወደ ስድስት ኪሎ ወጣሁ። ከዚያ በእግሬ ቁልቁል እየወረድኩ፣ በከተማዋ እምብርት ላይ የቀረውን የጥንት ደን ልፈልግ ነው።

አማርኛ ለዛፎች ስብስብ አንድ ስም ብቻ አልሰጠም። ደን የሚለካ፣ የሚጠበቅ፣ በመዝገብ የሚሰፍር ነው። ጫካ መሸሸጊያ ነው፤ በአምስቱ የወረራ ዓመታት አርበኛው ጫካ ገባ እንጂ ደን ገባ ሲባል አልሰማንም። ዱር የአውሬ ነው። ቤተ ክርስቲያንን ከብቦ የቆመው ግን አራተኛ ስም አለው፤ ዐፀድ ይባላል። ልጆቻችን የመጀመሪያውን ፊደል የሚቆጥሩበትን ቦታ ዐፀደ ሕፃናት ያልነው ከዚሁ ቃል ወስደን ነው። እኔ የምፈልገው ይህን አራተኛውን ነበር።

ስድስት ኪሎ ስደርስ ጉም የየካቲት 12ን ሐውልት ጫፍ ውጦታል። በተማሪነቴ እዚህ ሳለሁ ሌሊት ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ ከአንበሳ ግቢ የሚመጣ ግሳት ነበር። መጀመሪያ የሰማሁት ሌሊት አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ነው ያነጋሁት። አንበሶቹ በብረት አጥር ውስጥ መሆናቸውን አውቃለሁ። ድምፁ ግን በዛፎቹ መካከል ተሽሎክልኮ መስኮቴ ሥር ሲደርስ አጥር አልነበረውም። የዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ ቀድሞ ገነተ ልዑል የተባለው ቤተ መንግሥት፣ ቀን ቀን ትምህርት ቤት ነው፤ በዚያች ሰዓት ግን ዱር ይሆን ነበር።

ጉሙ ለአፍታ ሲገለጥ በሰሜን በኩል እንጦጦ ታየ። ከሩቅ ሲያዩት ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ እንዲሁ ለብሶ የኖረ ይመስላል። ነገር ግን ያ የባሕር ዛፍ ካባ ከአዲስ አበባም ያንሳል። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የአካባቢው ጥድና ወይራ ለቤትና ለማገዶ እየተጨፈጨፈ ነበር። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የእንጨቱ እጥረት ከመክፋቱ የተነሣ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ፣ እዚያ ግንባታ እስከ መጀመር ተደርሷል። ከተማዋን ባለችበት ያጸናት ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ገባ። ዘሩን በማስመጣት ስሙ የሚነሣው ሞንዶን ቪዳዬ የተባለ ፈረንሳዊ ነው። ሕዝቡም ባሕር ተሻግሮ መምጣቱን አይቶ ባሕር ዛፍ አለው።

ከአንድ ግንብ ጥግ ከጉቶ ያቆጠቆጠ ነጭ ባሕር ዛፍ አግኝቼ ቆምኩ። የለጋነት ቅጠሉ ሰፊና ለስላሳ ነው፤ ቀለሙ በሰማያዊና በብር መካከል ነው፤ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ቀንበጡን እቅፍ አድርጎ ይበቅላል። ያው ዛፍ ሲጎለምስ የሚያወጣው ቅጠል ግን እንደ ማጭድ ቀጥኖና ረዝሞ ወደ መሬት ይንጠለጠላል። ሁለቱን ቅጠሎች ለማያውቅ ሰው ለየብቻ ብትሰጡት የአንድ ዛፍ ልጆች ናቸው ብላችሁ አታሳምኑትም። እኔ ባሕር ዛፍን አልጠላም። እናቴ እንጀራ የጋገረችው በእርሱ ቅጠል ነው፤ ጉንፋን ሲይዘኝ የታጠንኩትም እርሱን ነው። ግን ቅጠሉ ቁልቁል ስለሚንጠለጠል ጥላው ስስ ነው፤ ሥሩ ውኃውን አጥብቆ ይጠጣል፤ ከሥሩም ሌላ ተክል እንደልቡ አይበረታም። በባሕር ዛፍ መሃል ስሄድ የሚሰማኝ ዝምታ ሰው የለቀቀው ቤት ዝምታ ነው።

አራት ኪሎ፣ በሳይንስ ፋኩልቲው ግቢ፣ ሌላ ዓይነት ደን አለ። ብሔራዊ ሄርባሪየም ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1959 የተመሠረተ የደረቁ እጽዋት መዝገብ ቤት ነው። ቅጠሉ፣ አበባው፣ ፍሬው ተጭኖና ደርቆ በወረቀት ላይ ይለጠፋል፤ ከሥሩ የተለቀመበት ቦታ፣ ቀንና የለቃሚው ስም ይጻፋል። ከስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 2009 የተዘጋጀው የኢትዮጵያና የኤርትራ እጽዋት መጽሐፍ፣ ስምንት ቅጾች ያሉት፣ የዚህ ቤት ልጅ ነው። ድሮ አንድ ጊዜ ገብቼ የኮሶ ቅጠል አይቻለሁ። ከለቃሚው እጅ እንደ ወጣ፣ አንዱ ጫፍ እንደ ታጠፈ፣ ያው አለ። ነፋስ የማያውቀው ደን መካከል መቆም እንግዳ ስሜት ነው፤ ሰው ድምፁን ዝቅ የሚያደርገው ሳይነገረው ነው።

ከዚያ ወደ ቤተ መንግሥቱ አቅጣጫ ወርጄ ታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ገዳም ገባሁ። በፍልሰታ ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሆነ ነጠላ ያጣፋ ሰው በየዛፉ ሥር ሞልቷል። ከበሩ ውጪ የመኪና ጡሩምባ ነበር፤ ሃያ እርምጃ ያህል ከገባሁ በኋላ ግን የሚሰማኝ የዜማው ድምፅና በቅርንጫፍ ላይ የሚጮኽ፣ ምንቃሩ ረጅምና ቆልማማ የሆነ ወፍ ብቻ ሆነ። ይህ ወፍ በዓለም ላይ በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ብቻ የሚኖር ነው። ድምፁ ሻካራ ነው፤ ካህኑን የሚያቋርጥ ይመስላል፤ ማንም ግን ዞር ብሎ አያየውም።

ጥድ ሁሉ ጥድ አይደለም። ዛሬ በየግቢው የምናየው አብዛኛው የፈረንጅ ጥድ ነው፤ ፍሬው እንደ ብይ የሚያህል፣ እንጨት የሆነ ነው። የሐበሻ ጥድ ፍሬ ግን ትንሽ፣ ሥጋማ፣ ሲበስል ጥቁር ሰማያዊ የሚሆን ነው፤ እርሱም በእንስቷ ዛፍ ላይ ብቻ ይገኛል፤ ተባዕቱ አያፈራም። ልጣጩ በቀጭን ሪባን እየተላጠ ይወርዳል። እንጨቱን ምስጥ ስለማይደፍረው ለቤት ምሰሶ ተመራጭ ነው፤ ባሕር ማዶ ደግሞ እርሳስ ይሠሩበት ነበር። አፍንጫዬን ወደ ግንዱ ሳስጠጋ የሸተተኝ በልጅነቴ በምላጭ የቀረጽኩት እርሳስ ነው።

አንዲት አረጋዊት መነኩሲት ከሥሩ ተቀምጠው ጸሎታቸውን ጨርሰው መጽሐፋቸውን በጨርቅ ይጠቀልላሉ። ጎንበስ ብዬ ሰላምታ አቀረብኩ።

«እማሆይ፣ ይህ ጥድ ዕድሜው ስንት ይሆን?»

«እኔ ስመጣ እንዲሁ ሽማግሌ ነበር።»

«የሚቆርጠው አልነበረም?»

ትክ ብለው አዩኝ። «የእመቤታችንን ልብስ ማን ይገፋል ልጄ?»

አባባሉ የእርሳቸው ብቻ አይደለም፤ ዛፍ የሌላት ቤተ ክርስቲያን ራቁቷን እንደ ቆመች ነው ሲሉ የሰማኋቸው ካህናት ብዙ ናቸው። ከቤተ ክርስቲያን ውጪም ትልቅ ዛፍ አድባር ነበር፤ ዛፍ በሌለበት እምቧጮ አድባር ይሆናል የምንለው ከዚያ ነው። በመሃል አዲስ አበባ የሐበሻ ጥድ እስከ ዛሬ የተረፈው እንዲህ የሚፈራው ሰው ባለበት ቦታ ነው። ባሕር ዛፍን ለከተማዋ ያስገቡት ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ከእቴጌ ጣይቱና ከንግሥት ዘውዲቱ ጋር ያረፉት እዚሁ፣ በዚህ ዐፀድ መካከል ነው። ከመቃብሩ ደረጃ ላይ ቆሜ ዙሪያውን ሳይ ይህ ነገር ሆዴን አባባው።

ቅዳሴው ሊያልቅ ሲል ዝናቡ መጣ፤ የነሐሴ ዝናብ፣ ሳያስጠነቅቅ። ሰው ወደ ደጀ ሰላሙ ሮጠ። እማሆይ ግን ንቅንቅ አላሉም፤ እኔም ከጎናቸው ቆየሁ። ለብዙ ደቂቃ አንዲት ጠብታ አልነካችንም። አራት እርምጃ ወዲያ መሬቱ ይፈላል፤ ከእግራችን ሥር ያለው የረገፈ ቅጠል ደረቅ ነው። ሽታው ግን ተነሣ፤ የርጥብ ልጣጭ፣ የአፈር፣ ከቅዳሴው የተረፈ ዕጣን።

ከዚያ ዝናቡ ቆመ። በቅርንጫፎቹ መካከል የፀሐይ ጨረር ገባ፤ ሰዎች ከደጀ ሰላሙ ወጥተው ነጠላቸውን እያራገፉ መሄድ ጀመሩ። ያን ጊዜ ነው በእኛ ላይ መዝነብ የጀመረው። ጥዱ ሲያጠራቅም የቆየውን ከጫፍ እስከ ታች፣ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ እያቀበለ፣ ቀስ ብሎ ያወርደዋል። ሰማዩ ጠርቶ፣ ግቢው አብርቶ፣ በአንድ ዛፍ ስፋት ብቻ ዝናብ ይዘንባል። ልነሣ ስል እማሆይ እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አደረጉ።

«ትንሽ ቆይ ልጄ። የእርሱ ገና አላለቀም።»